የጓሮ አትክልት ምንድን ነው?

የጓሮ አትክልት ማለት ከቤት ጀርባ ወይም ከማድ ቤት በር አጠገብ ለቤት ፍጆታ የሚተከል ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንችና ቅመማ ቅጠል ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ብዙ ሰው ግን ጓሮን እንደ ትንሽ እርሻ ስለሚያየው ገና ከመጀመሪያው ይበላሽበታል። እርሻ ገበያን እያየ ይታረሳል፤ ጓሮ ድስትን እያየ ይተከላል። የጓሮ ባለቤት ስንት ኪሎ እንደወጣ አይጠየቅም። ለምሳ ምን እንደሚቀነጠስ ግን በየቀኑ ይጠየቃል።

ይህን የያዘ ሰው ምን ልትከል ብሎ አይቸገርም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚፈለገውን፣ ተቆርጦ መልሶ የሚያቆጠቁጠውን፣ ከገበያ ሲመጣ በማግስቱ የሚጠወልገውን ያስቀድማል። የሀበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ የጥብስ ቅጠል። ቀይ ሽንኩርት ግን በኪሎ የሚፈለግ፣ ቤት ውስጥም ብዙ የሚቆይ ነገር ነው። ቦታ ከጠበበ እሱን መግዛት ይሻላል፤ ምንጃርና ሸዋ ሮቢት ያሉ ገበሬዎች ከማናችንም በላይ ያውቁበታል። ጓሮ ያለው ሰው ጤፉንም ዘይቱንም መግዛቱ አይቀርም። የሚቀረው ለአንድ እፍኝ ቅጠል ሲባል የሚደረገው መመላለስ ነው። ይህ ደግሞ ኑሮን ምን ያህል ቀለል እንደሚያደርግ የሞከረ ያውቀዋል።

እስቲ ጎመኑን ጠጋ ብለን እንየው። የሀበሻ ጎመን ከሥሩ አይነቀልም። ከታች ያሉት ሰፋፊ ቅጠሎች አንገታቸው ላይ ተይዘው ወደ ታች ይቀነጠሳሉ፤ መሃል ያለው ለጋ አይነካም። ከላይ አምስት ስድስት ቅጠል ከተተወለት ብዙም ሳይቆይ ሌላ ያወጣል። የተቀነጠሰው ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ ደቀቅ ተደርጎ ይከተፋል። ከዚያ በዘይት፣ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ይቁላላል። ሊወጣ ሲል ቃሪያ ጣል ይደረግበታል። ከተቀነጠሰ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ድስት የገባ ጎመን ጣት ያስቆረጥማል። ገበያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለን ጎመን በምንም ቅመም እዚያ ማድረስ አይቻልም።

ጓሮ እንደየቦታው ይለያያል፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ እንኳ አንድ ዓይነት ጓሮ የለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንዝ ውስጥ ከ3,000 ሜትር የሚያልፉ ቦታዎች አሉ። ጣርማበርን አልፎ በደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ ሸዋ ሮቢት ላይ ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አይራራቁም። ታች ፓፓያና ማንጎ ከግቢ ይለቀማል። ላይ ቲማቲም ተክሎ የቀላ ፍሬ ማየት ራሱን የቻለ ትግል ነው። ስለዚህ ቆላ ያለ ዘመድ የላከው የቃሪያ ችግኝ ደብረ ብርሃን ደርሶ ቢደርቅ ተካዩ ምንም አላጠፋም። ቦታው አይደለም፣ በቃ።

ደጋ ላይ ጓሮን የሚያዘው ውርጭ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ያድራል። ደመና ስለሌለ መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ትለቃለች። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ደግሞ ወደ ረባዳው ይወርድና እዚያው ይተኛል። ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይነጣል፤ የድንቹ ቅጠል እሳት የለበለበው መስሎ ይጠቁራል። ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ቆስጣ ይችሉታል። በሶብላ፣ ቃሪያና ቲማቲም በአንድ ሌሊት ያልቃሉ።

ታዲያ ምን ይደረጋል? የአካባቢው ቤትና አጥር ብዙውን ጊዜ ድንጋይ መሆኑ ትልቅ ጸጋ ነው። የድንጋይ ካብ ቀን ፀሐይ ሲጠጣ ውሎ ማታ ሙቀቱን መልሶ ይለቃል። ከካቡ ሥር፣ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል የተተከለ ነገር ሜዳው መሃል ከተተከለው ይልቅ ይተርፋል። ውርጭ ሊመጣ ሲል አፈሩን ቀን ላይ ማጠጣትም ይረዳል፤ እርጥብ አፈር ከደረቁ ይበልጥ ሙቀት ይይዛል። ማታ በጭድ ወይም በጆንያ ሸፈን አድርጎ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ መግለጥ ነው። በሶብላን ደግሞ በጣሳ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን መትከልና ሲመሽ ወደ ቤት ማስገባት። ተከራይ ለሆነ ሰው ይህ የጣሳ ጓሮ ብቸኛው አማራጭ ሊሆን ይችላል፤ አያንስም። ዕቃው ከታች ይበሳ እንጂ ቅመም ለማብቀል ሰፊ ግቢ አያስፈልግም።

ጓሮና ጾም አብረው የሚሄዱ መሆናቸው ለብዙ ሰው ትዝ አይለውም። ጾመ ነቢያት ህዳር 15 ይገባል፤ ልክ ውርጩ ሲጠነክር። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ የሚውለውም ዝናብ በማይታመንበት ጊዜ ነው። ቅጠል በብዛት የሚፈለገው እንግዲህ ሰማዩ በሚነፍግበት ወቅት መሆኑ ነው። ለህዳር የሚሆን ጎመን ክረምቱ ሳይወጣ ተተክሎ፣ ውርጭ ሳይመጣ ሥር መያዝ አለበት። የሁዳዴው ጎመን ደግሞ በእጅ ውሃ የሚኖር ነው። ምስርና አትክልት የታጠበበት ውሃ ለዚህ ይበቃል። ጨው ወይም ሳሙና የበዛበት ግን አፈሩን ስለሚጎዳ ይቅር።

ስልጆ የሚባለው የጾም ማባያ የሚዘጋጅበት ቤት ይህን በደንብ ያውቃል። የባቄላ ዱቄቱ በሱፍ ውሃ በስሎ፣ በሰናፍጭ ተብላልቶ ሲያበቃ ጣዕሙን የሚሰጡት ነጭ ሽንኩርቱና ጤና አዳሙ ናቸው። ሁለቱም ከጓሮ ይመጣሉ። ባቄላውም ቢሆን እሸቱ እንደ ቆሎ የሚበላ የደጋ ልጅ ነው።

ነጭ ሽንኩርት ደጋውን ይወዳል። ፍልቃቂው በሹሉ በኩል ወደ ላይ ሆኖ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከላል። አራት አምስት ወር ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ የሚፈራው አንድ በሽታ አለ፤ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ሲነቀል ሥሩ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታና ጥቃቅን ጥቁር ፍሬ ይገኛል። ይህ ሻጋታ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይኖራል። ስለዚህ የታመመውን ከነአፈሩ አንስቶ ማቃጠል፣ እዚያ ቦታ ላይም ነጭም ቀይም ሽንኩርት አለመመለስ ግድ ነው። ጎመን ወይም ካሮት ይተከልበት፤ እነሱን አይነካም። ዘር ሲገዛም ፍልቃቂውን አገላብጦ ማየት ነው።

ጤና አዳም የጓሮ ሁሉ እመቤት ናት ብል አላጋነንኩም። ለቡና፣ ለአይብ፣ ፍሬዋ ለበርበሬ። ቅርንጫፏ ተቆርጦ እርጥብ አፈር ላይ ቢሰካ ሥር ያወጣል፤ አንዴ ከያዘች ዓመታት ትቆያለች። በሰሜን ሸዋ ሰፈሮች የምትሸጠው ለማያውቁት ሰው ነው። ለጎረቤት "እማማ፣ ለቡና ጤና አዳም ይቁረጡልኝ" ማለት ይበቃል፤ "ግቢና ውሰጂ ልጄ" ነው መልሱ። ሁለት ጥንቃቄ ግን አላት። ነፍሰ ጡር ሴት ብዙ መውሰድ የለባትም። ጭማቂዋ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘውም ሊያቆስል ይችላል፤ በብዛት የሚያጭድ ሰው እጁን ወዲያው ይታጠብ።

በሶብላና ኮሰረት ሲደርቁ ጥላ ይፈልጋሉ። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ሽታውን ለፀሐይ ሰጥቶ ነው የሚገባው። በቀጭኑ ታስሮ፣ ተዘቅዝቆ፣ አየር በሚያገኝበት ማድረቅ ነው። ቅቤ ሲነጠር ልዩነቱ ከበር ላይ ይታወቃል። ጦስኝስ? እሱ የመንዝና የጣርማበር ደጋ የዱር ቅጠል ነው፤ ማንም ሳይተክለው ድንጋይ ለድንጋይ ይስባል። ሻዩ ተወዳጅ ስለሆነ ለቀማው እየበዛ ነው። ሲለቀም ጫፉ በማጭድ ወይም በመቀስ ይቆረጥ፤ ከነሥሩ የሚነቅለውን ሰው ሳይ ያመኛል፣ ለከርሞ የሚሆነውን ነው የሚያጠፋው።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ደጋው ላይ እንጨት ስላነሰ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ምድጃውና አፈሩ በአንድ እበት ይሻማሉ ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምድጃው ያሸንፋል። ሌሊት እንዲያ እየቀዘቀዘ ሰውን ኩበት አታንድድ ማለት አይቻልም። ለጓሮ ግን የበግ በጠጥ አለ፤ በጎቹ የሚያድሩበት ተጠርጎ፣ ከጎመን ልጣጭና ከጭድ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ጥቂት ወራት ሲብላላ ጥሩ ብስባሽ ይወጣዋል። የምድጃው አመድም ይጠቅማል፤ ኮምጣጣ አፈርን ያለዝባል። ድንች ያለበት መደብ ላይ ግን አይበተን፤ የድንቹን ቆዳ የሚያሻክረው በሽታ እንዲህ ያለውን አፈር ይወዳል።

ዘር በየዓመቱ መግዛትም አያስፈልግም፣ ለጎመን ቢያንስ። ከመደቡ ቅጠላቸው ያማረውን፣ ቶሎ ያላበበውን ሁለት ሦስት እግር መርጦ ሳይቀነጥሱ መተው ነው። ቢጫ አበባ ያወጣል፣ ቀጥሎ ቀጫጭን ዘለላ ይይዛል። ዘለላው ቢጫ ሲሆን፣ ተሰነጣጥቆ ዘሩን ሳይረጭ በፊት ተቆርጦ ጨርቅ ላይ ይደርቃል። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ቢዘራ ሳስቶ ይበቅላል። ችግኙ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ውሃ በጠገበ መደብ ላይ ይዛወራል። ዶሮ ካለ ደግሞ ከዚያው ማታ ጀምሮ በእሾህ ይታጠር።