ባለሁለት ባንድ ሱፐርኮንዳክተር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሱፐርኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ የሚያስተላልፍ ቁስ) ውስጥ ኤሌክትሮኖች ይጣመራሉ። የጥምረቱን ጥንካሬና ምልክት (ፕላስ ወይም ማይነስ) የሚነግረን ኦርደር ፓራሜትር ነው። ኤሌክትሮኖቹ በሁለት ባንድ (ሊይዟቸው በሚችሏቸው የኃይል ደረጃዎች ስብስብ) ሲከፈሉ እያንዳንዱ ባንድ የራሱ የኃይል ክፍተት፣ ማለትም ጥንዶችን ለመስበር የሚያስፈልግ ኃይል፣ ይኖረዋል። የክፍተት ብዛት፣ ምልክትና ሲሜትሪ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ሆነው ሳለ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ።

«ክፍተቱ ሁለት ከሆነ የመሸጋገሪያ ሙቀቱም ሁለት ነው።»
አይደለም። የመሸጋገሪያ ሙቀት ቁሱ ሲቀዘቅዝ ሱፐርኮንዳክተር የሚሆንበት ሙቀት ነው። ባንዶቹ በትንሹም ቢሆን ጥንዶችን እስከተለዋወጡ ድረስ ሁለቱም ክፍተቶች የሚከፈቱት በአንድ ሙቀት ነው። ሱፐርኮንዳክተርነቱ በ2001 ይፋ የሆነው ማግኒዚየም ዳይቦራይድ ክፍተቶቹ 7 እና 2 ሚሊኤሌክትሮንቮልት ገደማ ናቸው። ይህን ያህል ቢራራቁም ሁለቱም የሚዘጉት 39 ኬልቪን አካባቢ ነው።

«በባንዶች መካከል መገፋፋት ካለ ጥምረት የለም።»
በ1959 የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሱል፣ ማታያስና ዎከር ባቀረቡት ሞዴል የመሸጋገሪያ ሙቀቱን የሚወስነው የባንድ-ለባንድ መስተጋብሩ ስኩዌር ነው፤ ስለዚህ መሳብም ሆነ መገፋፋት ሙቀቱን እኩል ያግዘዋል። ልዩነቱ በምልክት ላይ ነው፦ መሳብ ሁለቱን ክፍተቶች ተመሳሳይ ምልክት ሲሰጣቸው፣ መገፋፋት ተቃራኒ ያደርጋቸዋል። በ2008 ለብረት-ነክ (አይረን ላለባቸው) ሱፐርኮንዳክተሮች የቀረበው «ኤስ-ፕላስ-ማይነስ» ሁለተኛው ዓይነት ነው። እርግጥ በየባንዱ ውስጥ ያለው መገፋፋት ከበረታ ጥምረቱ ሊከሽፍ ይችላል።

«ምልክቱ ከተገለበጠ ሲሜትሪው ሌላ ነው።»
ከሁሉ የሚያሳስተው ይሄኛው ነው። ሲሜትሪ የሚፈተነው ክሪስታሉን በማዞር ነው። ካሬ ክሪስታልን 90 ዲግሪ ብናዞረው የዲ-ዌቭ ኦርደር ፓራሜትር ምልክቱን ይቀይራል፤ ኤስ-ፕላስ-ማይነስ ግን እንዳለ ይቀራል፣ ልክ ሁለቱም ክፍተቶቹ አንድ ምልክት እንዳላቸው ኤስ-ዌቭ። የሁለቱ ኤስ ዓይነቶች ሲሜትሪ አንድ ነው ማለት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር አንደኛው ክፍተት ዜሮን ቢያልፍ ይበቃል፤ የሚሰበር ሲሜትሪ የለም። በኩፕሬት (መዳብና ኦክስጅን ባለበት ሱፐርኮንዳክተር) ላይ ዲ-ዌቭን ያረጋገጡት የክሪስታል ማዕዘን ሙከራዎችም እዚህ ሁለቱን ለመለየት በቀጥታ የማያገለግሉት ለዚህ ነው።

«ኖድ ከታየ ዲ-ዌቭ ነው።»
ኤስ-ዌቭም ክፍተቱ በአጋጣሚ ዜሮ የሚሆንባቸው ነጥቦች፣ ማለትም ኖዶች፣ ሊኖሩት ይችላል። በተቃራኒው፣ የፌርሚ ገጽታው (በሞመንተም ካርታ ላይ በኤሌክትሮን የተያዙትን ሁኔታዎች ከባዶዎቹ የሚለየው ወሰን) የዲ-ዌቭን የዜሮ መስመሮች ካልነካ ኖድ አይታይም።

«ኤስ-ዌቭ ስለሆነ መግነጢሳዊ ያልሆነ ባዕድ አተም አይጎዳውም።»
ምልክቶቹ ተቃራኒ ከሆኑ ኤሌክትሮንን ከባንድ ወደ ባንድ የሚበትን አተም ጥንዶችን ይሰብራል። በአንድ ባንድ ውስጥ ብቻ የሚበትነው ግን ብዙም አይጎዳም፤ ስለዚህ የመሸጋገሪያ ሙቀቱ ቀስ ብሎ መውረዱ ብቻውን ኤስ-ፕላስ-ማይነስን ውድቅ አያደርግም።