ከህንድ ወደ ለንደን ለትምህርት፦ ገንዘቡ መቼ ይፈለጋል?

ሞሃንዳስ ጋንዲ በመስከረም 1888 ከቦምቤይ መርከብ ሲሳፈር ገና 18 ዓመቱ ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሚሄደው ለንደን ሕግ ሊማር ነው። ወጪውን የቻለለት ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ገንዘቡ እርግጥ ከመሆኑ በፊት ግን የሚስቱን ጌጣጌጥ መሸጥ ሁሉ አስቦ ነበር። ለንደን ትንሽ እንደቆየ ወጪው እንደበዛ ገባው። ከቤተሰብ ጋር በደባልነት መኖሩን ተወና ክፍል ተከራየ። የአጃ ገንፎና ካካዎ ራሱ እየሠራ ቁርሱን ይበላ ጀመር። መንገዱን በእግሩ አደረገው። የቴምብርና የጋዜጣ ሳንቲም ሳትቀር እየጻፈ፣ ማታ ሳይተኛ ሒሳቡን ይዘጋ ነበር።

ዛሬ ከፑኔ፣ ከሃይደራባድ ወይም ከኮቺ የሚነሳ ተማሪም ያንኑ ሒሳብ ይሠራል። አንድ ነገር ግን ተለውጧል። ጋንዲ ለንደን ከገባ በኋላ መቆጠብ ይችል ነበር። የዛሬው ተማሪ የዓመቱን ገንዘብ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ባንክ ውስጥ ማሳየት አለበት። ለንደን ውድ መሆኗን የማያውቅ የለም። ብዙ ሰው ሳያሰላው የሚቀረው ገንዘቡ የሚፈለግበትን ቀን ነው። ብዙ ዕቅድ የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

ለምን ለንደን?

የመጀመሪያው ምክንያት ጊዜ ነው። እንግሊዝ ውስጥ አብዛኛው ማስተርስ በአንድ ዓመት ያልቃል። አሜሪካ ሁለት ዓመት የተለመደ ነው። ከተማው ውድ ቢሆንም የሚከፈለው ኪራይ የአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ተማሪውም አንድ ዓመት ቀድሞ ሥራ ፍለጋ ይጀምራል።

ሁለተኛው ምርጫው ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ በ1826 የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን፣ ኪንግስ ኮሌጅ፣ ኢምፔሪያል፣ የለንደን ኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት፣ ክዊን ሜሪና ሶአስ አሉ። ክፍያቸው ከዚህ ዝቅ የሚሉ እንደ ዌስትሚኒስተርና ኢስት ለንደን ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ። የውጭ አገር ተማሪ የማስተርስ ክፍያ ከ15 ሺህ ፓውንድ አካባቢ ይነሳል። በስመ ጥሮቹ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በተለይ በቢዝነስና በፋይናንስ፣ ከ40 ሺህ ያልፋል።

እዚህ ላይ ስለ ኤጀንቶች አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በህንድ ከተሞች የውጭ ትምህርት አማካሪ ቢሮ ሞልቷል። ብዙዎቹ ተማሪውን በነፃ ያማክራሉ። ኮሚሽናቸውን የሚከፍላቸው ተማሪውን የተቀበለው ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህ በራሱ ክፋት የለውም። ግን አማካሪው ደጋግሞ የሚያነሳው ስም ለተማሪው የሚሻለው ነው ማለት አይደለም። የትምህርቱን ይዘትና ክፍያ ከዩኒቨርሲቲው ገጽ በራስ ዓይን ማየት የግድ ነው።

ባንክ ውስጥ የሚተኛው ገንዘብ

የተማሪ ቪዛ ደንቡ ግልጽ ነው። ተማሪው የመጀመሪያውን ዓመት የትምህርት ክፍያ ቀሪና የመኖሪያ ገንዘብ ማሳየት አለበት። ለለንደን የመኖሪያው መጠን ከኅዳር 2025 ጀምሮ በወር 1,529 ፓውንድ ነው። የሚታሰበው እስከ 9 ወር ነው፤ ድምሩ 13,761 ይሆናል። ከለንደን ውጭ በወር 1,171 ነው።

በቁጥር እንየው። ክፍያው 28 ሺህ ፓውንድ የሆነ ትምህርት ይኑር። ተማሪው 5 ሺህ ቀብድ ከፍሏል። ቀሪው 23 ሺህ ነው። የመኖሪያው ሲጨመር 36,761 ፓውንድ ይመጣል። አንድ ፓውንድ 119 ሩፒ ሲሆን ይህ ወደ 44 ላክ ሩፒ ነው። ህንዶች ትልቅ ገንዘብ የሚቆጥሩት በላክ ነው፤ አንድ ላክ 100 ሺህ ነው። እንግዲህ 4.4 ሚሊዮን ሩፒ ማለት ነው። ገንዘቡ 28 ተከታታይ ቀን ሳይነካ ሒሳቡ ላይ መቆየት አለበት። በሃያኛው ቀን ለአንድ ቀን እንኳን ከመጠኑ ዝቅ ካለ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።

ሒሳቡ የማን እንደሆነም ይጠየቃል። የተማሪው፣ የወላጆቹ ወይም የሕጋዊ አሳዳጊው መሆን አለበት። የወላጅ ከሆነ የልደት ማስረጃና የስምምነት ደብዳቤ ይያያዛል። የአጎት ገንዘብ አይቆጠርም። በህንድ ቤተሰብ ግን አጎት ሲረዳ የተለመደ ነው፤ አክስትም፣ ትልቅ ወንድምም ያዋጣል። መፍትሔው ያንን ገንዘብ ወደ አባት ወይም ወደ እናት ሒሳብ ቀደም ብሎ ማስገባት ነው። ከዚያ 28ቱ ቀን ይቆጠራል። መሬት፣ ወርቅና አክሲዮንም አይቆጠሩም፤ ተሸጠው ወይም በመያዣ ብድር ወጥቶባቸው ወደ ጥሬ ገንዘብ መለወጥ አለባቸው። ከአዲስ አበባ ለሚያመለክት ተማሪም ደንቡ ይኸው ነው። ከኢትዮጵያም ከህንድም የሚሄድ ተማሪ በተፈቀደ ክሊኒክ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግ አለበት።

ከዚህ ውጭ ወዲያው የሚከፈል አለ። የቪዛው ማመልከቻ በ2025 524 ፓውንድ ነበር። የጤና አገልግሎት ክፍያ ለተማሪ በዓመት 776 ነው። የአንድ ዓመት ማስተርስ ቪዛ ከትምህርቱ በኋላ ለአራት ወር ያህል ስለሚዘልቅ የግማሽ ዓመት ይጨመርበታል። ስለዚህ 1,164 ይሆናል። ይህ ቅድሚያ በአንድ ጊዜ ይከፈላል።

የሩፒው ዋጋም ዕቅድ ያናጋል። 2025 ሲጀምር አንድ ፓውንድ 106 ሩፒ አካባቢ ነበር። በመስከረም 119 አካባቢ ደረሰ። በጥር 25 ሺህ ፓውንድ ያሰላ አባት በመስከረም ከ3 ላክ ሩፒ በላይ ጨምሮ መክፈል ነበረበት። ዩኒቨርሲቲው አንድ ፔኒ አልጨመረም። ስለዚህ ጠንቃቃ ቤተሰብ ዕቅዱን በዕለቱ ምንዛሪ አይሠራም። አሥር በመቶ ያህል ጨምሮ ያሰላል።

ብድርና ስኮላርሺፕ

አብዛኛው መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ይበደራል። የመንግሥት ባንኮች፣ ለምሳሌ ስቴት ባንክ ኦፍ ኢንዲያ፣ ለውጭ ትምህርት ብድር አላቸው። ወለዳቸው ዝቅ ይላል። ለትልቅ ብድር ግን ቤት ወይም መሬት መያዣ ይጠይቃሉ፤ ወረቀቱም ጊዜ ይወስዳል። ያለ መያዣ የሚያበድሩ የግል ተቋማትም አሉ። እነሱ ይፈጥናሉ፣ ወለዳቸው ግን ይከብዳል። በሁለቱም ዘንድ ዋናውን መክፈል የሚጀመረው በአብዛኛው ትምህርቱ ካለቀ ከስድስት ወር ወይም ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ወለዱ ግን ብድሩ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። ይህን ሳይጠይቁ የሚፈርሙ ብዙ ናቸው።

ገንዘብ ከህንድ ለማውጣትም ወሰን አለ። አንድ ሰው በአንድ የበጀት ዓመት እስከ 250 ሺህ ዶላር መላክ ይችላል። ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ከ10 ላክ ሩፒ በላይ ከራስ ኪስ ሲላክ ባንኩ ቅድሚያ ታክስ ይሰበስባል። ከታወቀ አበዳሪ የተወሰደ የትምህርት ብድር ከሆነ ግን ይህ አይሰበሰብም። የተሰበሰበው በታክስ ሒሳብ ላይ ይመለሳል። ቢሆንም ለወራት ከእጅ ይወጣል።

ስኮላርሺፕ አለ፤ ፉክክሩም ከባድ ነው። የህንዱ ባለ ኢንዱስትሪ ጃምሼትጂ ታታ በ1892 ያቋቋመው ፈንድ ዛሬም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ለሚሄዱ ህንዶች ይሰጣል። ስጦታ ሳይሆን በስኮላርሺፕ መልክ የሚሰጥ ብድር ነው። የብሪታንያ መንግሥት ገንዘብ የሚሰጥባቸው ቼቭኒንግና የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕም አሉ። የህንድ መንግሥት በማኅበራዊ መድልዎ ለኖሩ ማኅበረሰቦች ልጆች የተለየ የውጭ ትምህርት ስኮላርሺፕ አለው።

ስኮላርሺፕ ሲባል በኋላ የህንድን ሕገ መንግሥት በማርቀቅ የታወቁት ቢምራኦ አምቤድካር ይታወሱኛል። ዳሊት ነበሩ፤ በህንድ የመደብ (ካስት) ሥርዓት "የማይነኩ" ተብለው ከተገለሉት ወገን ማለት ነው። የባሮዳው ማሃራጃ (ንጉሥ) ድጋፍ ሰጥቷቸው መጀመሪያ ኒው ዮርክ፣ ቀጥሎ በ1916 ለንደን ገቡ። በ1917 ድጋፉ አለቀ። ትምህርቱን በጅምር ትተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ቦምቤይ ኮሌጅ ውስጥ እያስተማሩ ከደመወዛቸው አጠራቀሙ። የኮልሃፑር ማሃራጃና አንድ ወዳጃቸው ጨመሩላቸው። በ1920 ተመልሰው መጡና በ1923 ዶክትሬታቸውን ያዙ። ኪንግ ሄንሪስ ሮድ 10 ቁጥር የኖሩበት ቤት ዛሬ መታሰቢያ ሙዚየም ነው። ለንደን የሚገባ ህንዳዊ ተማሪ አንድ ቅዳሜ ቢጎበኘው አይቆጭም። የአምቤድካርን ታሪክ የማነሳው ለምክንያት ነው። ዩኒቨርሲቲው ቦታቸውን ስለጠበቀላቸው ተመለሱ። ዛሬም ገንዘብ መሃል ላይ ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን ከመግባት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። ክፍያን በሁለትና በሦስት ጊዜ የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። የመመለሻ ሕጋቸውን በጽሑፍ ማየት ነው።

ክፍሉና ማድ ቤቱ

ኪራይ ትልቁ ወጪ ነው። ለንደን ኪራይ በሳምንት ይነገራል፤ እዚህ ላይ ብዙዎች ይሸወዳሉ። በሳምንት 230 ፓውንድ ሲባል በአራት ያበዙና 920 ይላሉ። ዓመቱ ግን 52 ሳምንት አለው። ትክክለኛው ወርሃዊ ወደ 997 ይመጣል። በዓመት ሲደመር ልዩነቱ የአንድ ወር ኪራይ ያህል ነው። የውሉም ርዝመት ይታይ። የ40 ሳምንት ውል በሰኔ ወይም በሐምሌ ያልቃል። የማስተርስ ተማሪ ግን መመረቂያ ጽሑፉን እስከ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ይጽፋል። በክረምቱ መሃል ሻንጣ ተሸክሞ ክፍል መፈለግ ይመጣል።

ከዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ውጭ የሚከራይ ሰው የእንግሊዝ ዋስ ሊጠየቅ ይችላል። ዘመድ ለሌለው ይህ ትልቅ ራስ ምታት ነው፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ዋስ ይሆናሉ። ከ2019 ወዲህ የመያዣው ገንዘብ በአብዛኛው ከአምስት ሳምንት ኪራይ አይበልጥም። ቤቱን ሳያዩ፣ በዋትሳፕ በተላከ ፎቶ ብቻ ገንዘብ መላክ አይገባም። የሌለ ቤት ተከራይቶ ሂትሮው አየር ማረፊያ የወረደ ተማሪ ለቅሶ ለማንም አይመኙትም። የመጀመሪያውን ወር የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ወይም በ1920 ለህንድ ተማሪዎች የተመሠረተውን፣ ፊትዝሮይ ስኩዌር ያለውን የህንድ ዋይኤምሲኤ ማደሪያ መያዝና ከዚያ በአካል መፈለግ ይሻላል።

ብዙዎቹ የሚያመሩት ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ዳር ነው፦ ኢስት ሃም፣ ኢልፎርድ፣ ዌምብሊ፣ ሃውንስሎው። እዚያ ዱቄቱ፣ ምስሩና ቅመሙ በጆንያ ይሸጣል። ቤተ መቅደሱም ጎረቤቱም አለ። ግን ትራንስፖርቱ ይታሰብ። ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ተማሪ በተማሪ ኦይስተር ካርድ የወርና የሳምንት ትኬት በ30 በመቶ ቅናሽ ያገኛል። አውቶቡስ በ2025 1.75 ፓውንድ ነበር፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የፈለጉትን ያህል ቀይሮ መሳፈር ይቻላል። ሙሉ ጊዜ የሚማሩ ብቻ የሚኖሩበት ቤት የማዘጋጃ ቤት ግብር አይከፍልም። አንድ ሠራተኛ ደባል ከተጨመረ ግን ሒሳቡ ይቀየራል።

ከሻንጣው ውስጥ እናት ያስገባችው ፕሬሸር ኩከር አይቀርም። አንድ ኩባያ ምስር፣ እርድ፣ ጨው፤ ሦስት ፉጨት፤ የሁለት ቀን ምግብ። ይህ ዕቃ በአንድ ዓመት የሚያድነው ገንዘብ ብዙ ነው። የጋራ ማድ ቤት ውስጥ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሰናፍጭ ፍሬ በጋለ ዘይት ሲንጣጣ ጭሱ የእሳት አደጋ ደወሉን ያስጮኸዋል። በሌሊት ፎቁ ሁሉ በፒጃማ ወደ ውጭ ይወጣል። መስኮት ከፍቶ፣ ጭስ መሳቢያውን አብርቶ መጀመር ነው።

ሥራውና ከትምህርት በኋላ

በትምህርት ወቅት በሳምንት 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል። ከሚያዝያ 2025 እስከ መጋቢት 2026 21 ዓመት ለሞላው ዝቅተኛው ክፍያ በሰዓት 12.21 ፓውንድ ነበር። በዚያ ክፍያ ሁሉንም 20 ሰዓት በየሳምንቱ ያገኘ ተማሪ እንኳን ታክስ ሳይነካው ወደ 1,058 በወር ይደርስ ነበር። ቪዛው ለኑሮ የሚጠይቀው 1,529 ነው። ሥራ ያግዛል እንጂ ከተማውን አይሸፍንም፤ የትምህርት ክፍያንማ በፍጹም። "ሄጄ እየሠራሁ እከፍላለሁ" የሚለው ዕቅድ ልጆችን ለጭንቀትና ሕግ ለመጣስ ይዳርጋል፤ ይህን ወላጆች ጭምር ቢሰሙት እመኛለሁ። ከ20 ሰዓት ማለፍ ቪዛን ያስነጥቃል።

ከጥር 2024 ጀምሮ በክፍል ትምህርት የሚሰጥ (የምርምር ያልሆነ) ማስተርስ የሚማር ሰው የትዳር ጓደኛውን ወይም ልጆቹን ይዞ መምጣት አይችልም። ባለትዳር የሆነ ሰው ይህን ከማመልከቱ በፊት ቤቱ ውስጥ መነጋገር አለበት።

ከተመረቁ በኋላ ያለው የሥራ ቪዛ በሐምሌ 2021 ከተከፈተ ጀምሮ ለማስተርስ ሁለት ዓመት ነበር። ከጥር 2027 ጀምሮ ለሚያመለክቱ ወደ 18 ወር ይወርዳል። ከዚያ ለመቆየት ቀጣሪ ያስፈልጋል። ከሐምሌ 2025 ወዲህ አጠቃላዩ የደመወዝ ወለል 41,700 ፓውንድ ነው፤ ለጀማሪዎች 33,400። ብድሩን መክፈል የሚጀመረው ደግሞ ከምረቃ በኋላ በስድስት ወር ወይም በዓመት ነው። ሁለቱ ቀኖች፣ የመጀመሪያው ክፍያ የሚጀምርበትና የሥራ ቪዛው የሚያልቅበት፣ ከቪዛ ማመልከቻው በፊት አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ። በመሃላቸው ያለው ወር ስንት እንደሆነ አባትም ልጅም አብረው ይቁጠሩት።