ውሃ ላይ በተዘረጋ መሬት ሳይክል መንዳት፦ ደቡብ ሉዊዚያና

ሉዊዚያና በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ደቡብ ስላሉት የሳይክል መንገዶች በአማርኛ የሚነበብ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ ካነበብኩት፣ ከካርታ እና ከራሴ ጎማ የሰበሰብኩትን እዚህ አስቀመጥኩ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ታመኒ ትሬስ ስለሚባለው መንገድ ብዙ ካወራሁ የምወደው እሱን ስለሆነ ነው፤ ይቅርታ አልጠይቅም።

መሬቱ

ባዩ ማለት እዚያ አገር ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ አንዳንዴም ጨርሶ የቆመ የሚመስል ውሃ ነው። ወንዝ እንዳትሉት አይፈስም፣ ኩሬ እንዳትሉት ረጅም ነው። ቃሉ ከቾክቶ ሕዝብ ቋንቋ በፈረንሳይኛ በኩል መጣ የሚለው ሐሳብ ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። በዙሪያው ረግረግ አለ። ረግረጉ ላይ ሳይፕረስ የሚባል ዛፍ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይበቅላል። ከቅርንጫፎቹም ስፓኒሽ ሞስ የሚሉት ነገር እንደ ሽማግሌ ጢም ይንጠለጠላል።

ሳይክል ነጂ መጀመሪያ ሊገባው የሚገባው ደረቅ መሬቱ የት እንዳለ ነው። በሌላ አገር ውሃ ዳር ዝቅ ያለ ነው። እዚህ ግን የውሃው ዳር ነው ከፍታው። ወንዙ ሞልቶ ሲፈስ ከባዱን አሸዋና ደለል መጀመሪያ የሚጥለው ዳርቻው ላይ ስለሆነ፣ በሺህ ዓመታት ዳርቻው ተቆልሎ ከኋላው ካለው መሬት ጥቂት ሜትር ከፍ አለ። ሰው ቤቱን የሠራው፣ ሸንኮራውን የተከለው፣ መንገዱን የዘረጋው እዚያች ጠባብ ጀርባ ላይ ነው። ለዚህ ነው የድሮዎቹ መንገዶች ካርታ ላይ ሲታዩ የሰከረ ሰው ያሰመራቸው የሚመስሉት። ባዩው ሲታጠፍ አብረው ይታጠፋሉ። ከዚህ ውጪ ደረቅ የሚባለው ሰው የቆለለው አፈር ነው፤ ወይ የባቡር ሐዲድ መደብ፣ ወይ ሌቪ የሚባለው የጎርፍ መከላከያ ግድብ። ከታች የምጠቅሳቸው መንገዶች ሁሉ ማለት ይቻላል ከነዚህ አንዱ ላይ ናቸው።

የግዛቱ ከፍተኛ ቦታ 163 ሜትር ብቻ ነው፤ እሱም ሰሜን ውስጥ። የኒው ኦርሊንስ ብዙ ሰፈሮች ደግሞ ከባሕር ወለል በታች ናቸው። ሜዳ ሲባል ቀላል ይመስላል አይደል? አይደለም። አቀበት የለም ማለት ቁልቁለትም የለም ማለት ነው። ፔዳል መምታት ካቆምክ ቆምክ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ኮርቻ ላይ በአንድ አቀማመጥ፣ በአንድ ማርሽ። ወገብ ይደነዝዛል። አቀበቱን የሚተካው ንፋሱ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ አቀበት ጫፍ የለውም።

ትንሽ ታሪክ

በ1880ዎቹ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ በትልቁ የፊት ጎማ ላይ ከፍ ብለው የሚቀመጡ ነጂዎች ክለብ ነበራቸው። በ1886 ሦስት የክለቡ አባላት ከኒው ኦርሊንስ ተነስተው ቦስተን ድረስ ነድተዋል። በዚያ ዘመን መንገድ፣ በዚያ ዓይነት ሳይክል! ግን የክለቦቹን ዘመን ሲያሞግሱ የሚዘሉት ነገር አለ። የአሜሪካ ሳይክል ነጂዎች ትልቁ ማኅበር በ1894 ሉዊቪል ከተማ ላይ ተሰብስቦ፣ የደቡብ ግዛቶች አባላት ገፍተውበት፣ ጥቁር ሰው አባል እንዳይሆን ከልክሏል። ማኅበሩ ያንን ውሳኔ በይፋ የሻረው በ1999 ነው። ከዚያ መኪና መጣ፤ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሳይክል የልጅና የድሃ ነገር ሆኖ ቀረ።

ታመኒ ትሬስ

ከኒው ኦርሊንስ ጎን ካለው ከፖንቻርትሬን ሐይቅ በስተሰሜን፣ ሴንት ታመኒ ፓሪሽ ውስጥ ነው። (ፓሪሽ ሌላው አሜሪካ ካውንቲ የሚለው ነው፤ ሉዊዚያና ከካቶሊክ አጥቢያ የወረሰችው ስም ነው።) በፊት የኢሊኖይ ሴንትራል ባቡር ሐዲድ ነበር። ባቡሩ ሲቀር ፓሪሹ መሬቱን ገዝቶ ሐዲዱ የነበረበትን አስፋልት አደረገው። የመጀመሪያው ክፍል በ1994 ተከፈተ። በሉዊዚያና የባቡር መስመር ወደ ሳይክል መንገድ ሲቀየር የመጀመሪያው ነው፤ ለእኔ እስካሁንም የሚስተካከለው የለም። ርዝመቱ ላይ ጽሑፎች አይስማሙም። የድሮዎቹ 28 ማይል አካባቢ ይላሉ፣ ፓሪሹ 31 ይላል። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብላችሁ ያዙት።

ከኮቪንግተን ይጀምራል። መነሻው አደባባይ ላይ የፕሬዚዳንት ሬገን ሐውልት ፈረስ ላይ ተቀምጦ ይቀበላችኋል። ለምን እዚያ እንደቆመ አትጠይቁኝ። ቀጥሎ አቢታ ስፕሪንግስ ነው፤ ቢጫ ወባ ኒው ኦርሊንስን ሲያጠቃ ሀብታሞቹ የጥዱ አየርና የምንጩ ውሃ ያድናል ብለው በባቡር የሚሸሹበት ቦታ። ባቡሩ አሁን የለም፣ ምንጩ አለ፣ በ1986 የተመሠረተው የአቢታ ቢራም አለ። ብዙ ሰው ጉዞውን እዚያው ጀምሮ እዚያው ይጨርሳል፤ አልፈርድም።

ከማንደቪል በኋላ ነው መንገዱ መንገድ የሚሆነው። የፎንቴንብሎ ፓርክን ያልፋል፤ እዚያ በርናር ደ ማሪኒ የተባለ ባለመሬት በ1829 ያሠራው የስኳር ፋብሪካ ፍርስራሽ አለ። ጡቡን የደረደሩት ባሪያ የተደረጉ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ጥዱ እየሳሳ ረግረጉ እየቀረበ ይመጣል። ድልድይ ከድልድይ ይከተላል፤ ትንንሾቹ ላይ ጎማው ከእንጨቱ ጋር ድርድርድር ይላል። ላኮምብ ላይ ለጀልባ የሚከፈት ድልድይ አለ። አንድ ቀን እዚያ ቆሜ ጀልባ እስኪያልፍ ስጠብቅ ከታች የሞተ ግንድ ያልኩት ነገር ዓይኑን ጨፈነ። አሊጌተር ነው፣ የአዞ ዘመድ። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ቀና ብለውም አላዩትም፤ የሳይክላቸውን ካቴና ዘይት እየቀቡ ነበር። አሊጌተሩም እንደሳቸው ነው፣ ካልነኩት አይነካም። ምሳ ግን አትወርውሩለት።

ነሐሴ 2005 ላይ ሄሪኬን ካትሪና ይህን መንገድ በወደቁ ዛፎች ዘጋው። ዛሬ ጥላው የሳሳባቸው ቦታዎች ላይ ስታልፉ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከሐይቁ ወዲህና ወዲያ

ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ዋናው የሚሲሲፒ ወንዝ ሌቪ ነው። ከኦዱቦን ፓርክ ተነስቶ ወንዙን ወደ ላይ እየተከተለ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከግድቡ አናት ላይ በአንድ ጎን መርከብ፣ በሌላው ጎን የቤት ጣሪያ ከእናንተ በታች ይታያል፤ ከተማው ምን ያህል ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ የሚገባው ያኔ ነው። መጨረሻው አካባቢ የኖርኮ ነዳጅ ማጣሪያ ሽታ አፍንጫ ይይዛል፤ ከዚያ ቦኔ ካሬ ማስተንፈሻ። በ1927ቱ ጎርፍ ምክንያት ተሠርቶ በ1931 ተጠናቀቀ። ወንዙ ከተማዋን ሲያስፈራራ በሩን ከፍተው ውሃውን ወደ ሐይቁ ይለቁታል። በ2019 ሁለት ጊዜ ተከፍቷል፤ በአንድ ዓመት ሁለቴ ሲከፈት የመጀመሪያው ነበር። ሲከፈት የታችኛው መንገድ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ያው መመለስ ነው።

ከተማው መሃል ላፊት ግሪንዌይ አለ፤ 2.6 ማይል፣ በ2015 የተከፈተ፣ ድሮ ቦይና ሐዲድ በነበረበት መስመር ላይ።

ወደ ምዕራብ ባዩ ቴሽ። 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሺህ ዓመታት በፊት ሚሲሲፒ ራሱ በዚያ ይፈስ ነበር። ከብሮ ብሪጅ በሴንት ማርቲንቪል ወደ ኒው አይቤሪያ የሚሄደው ጎዳና ከባዩው ጋር እየተጠማዘዘ ይወርዳል። የተለየ የሳይክል መስመር የለውም፣ ከመኪና ጋር ነው። በመኸር፣ ሸንኮራ ሲቆረጥ፣ የጭነት መኪናዎች አገዳና ጭቃ አስፋልቱ ላይ ያንጠባጥባሉ፤ ዝናብ ከተጨመረበት ሳሙና ነው። ብሮ ብሪጅ በክራውፊሽ፣ እንደ ሸርጣን ቅርፊትና መቆንጠጫ ባለው ትንሽ እንስሳ፣ ትታወቃለች። ያ የውሃ ውስጥ ፍጥረት ለእኛ ጾመኞች ጥያቄ ያስነሳል፣ ለካቶሊኮቹ ግን የዐቢይ ጾም ዋና ምግብ ነው።

የማይነዳበትም ይታወቅ። ሐይቁን የሚያቋርጠው 38 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የኮዝዌይ ድልድይ ሳይክል አያስገባም። የአቻፋላያን ረግረግ የሚሻገረው አውራ ጎዳናም እንዲሁ፤ በሰሜን በኩል መዞር ነው።

ለሚሄድ ሰው

ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ጥሩ ነው። በጋቸው ላይ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አየሩ እርጥብ ብርድ ልብስ ነው፤ ከሰዓት መብረቅ ይከተላል፣ ሜዳው ላይ ደግሞ ረጅሙ ነገር እናንተ ናችሁ። ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ ያዙ። ከአሊጌተር ይልቅ የሚያስቸግረው ያልታሰረ ውሻ ነው። በ2009 የወጣው የግዛቱ ሕግ መኪና ሳይክል ሲያልፍ ቢያንስ 3 ጫማ፣ ማለትም 91 ሴንቲ ሜትር እንዲርቅ ያዛል፤ ስያሜው መኪና ለገደለው አንድ ነጂ ነው። ሁሉም ሹፌር አንብቦታል ብላችሁ ግን አትመኑ።

ደቡቡ ጫፍ ላይ መሬቱ ራሱ እያለቀ ነው። ከ1930ዎቹ ወዲህ ወደ 5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ባሕር በልቶታል። ወደ ዣን ሻርል ደሴት የሚወስደው መንገድ በ1953 ሲሠራ ዙሪያው ረግረግ ነበር። አሁን ግራና ቀኙ ውሃ ነው፣ ብዙዎቹ ነዋሪዎችም ወደ ሰሜን ተዛውረዋል። ሳይክል ይዞ መሄድ ይቻላል። ከመውጣታችሁ በፊት ግን ንፋሱ ከየት እንደሚነፍስ እዩ፤ ከደቡብ ከበረታ ውሃው አስፋልቱ ላይ ይወጣል።