«ሬዲዮው መርከብ ላይ ነው ያለው፤ ጉምሩክን ምን አገባው?»

ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ለእረፍት የመጣ መርከበኛና የጅቡቲ መስመር ሾፌር አብረው ሻይ ከያዙ ወሬው ዞሮ ዞሮ ጉምሩክ ላይ ማረፉ አይቀርም። ሾፌሩ ስለ ዲክላራሲዮን ያማርራል። መርከበኛው ደግሞ በሙሉ ልብ፣ «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። መርከብ የባንዲራው አገር መሬት ነው፤ ዕቃዬን ከመርከቡ ሳላወርደው ማን ይነካዋል?» ይላል። አዲስ ምሩቃን ይህን እየሰሙ ነው ዎኪቶኪና ሳተላይት ስልክ ሻንጣ ውስጥ ከተው የሚሳፈሩት። ማረሙ ሰልችቶናል፤ ግን እንደገና እንበለው።

መርከብ መሬት አይደለም። ባንዲራው የሚናገረው የት እንደተመዘገበ ነው፤ ሕጉም ብቻውን የሚሠራው ክፍት ባሕር ላይ ነው። ወደብ የተጠጋ መርከብ በወደቡ አገር የውስጥ ውኃ ላይ ቆሟል፤ የዚያ አገር ጉምሩክ አልጋ ሥር ሳይቀር ይፈትሻል። ነገሩ ወደብ ከመድረስም ይቀድማል፦ እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው የባሕር ሕግ ስምምነት የግዛት ባሕር እስከ 12 ኖቲካል ማይል (የባሕር ማይል) ሲሆን፣ የጉምሩክ ቁጥጥር እስከ 24 ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ «አላወረድኩትም» መልስ አይሆንም።

ዋናው ጥያቄ ዕቃው የማን ነው፣ የትኛው ወረቀት ላይ ተጽፏል የሚለው ነው። የመርከቡ ሬዲዮ የባንዲራው አገር በሰጠው የሬዲዮ ጣቢያ ፈቃድና በመርከቡ ንብረት መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ከመርከቡ ጋር መጥቶ ከመርከቡ ጋር ይሄዳል። የግል ዕቃህ የሚገባው ግን የመርከበኞች የግል ዕቃ መግለጫ ላይ ነው፤ ፋል ፎርም 4 የሚባለው። ካፒቴኑ መርከቡ ሳይደርስ ያዘጋጀዋል፤ አንተ በስምህ አንጻር ትፈርማለህ። «የእጅ ቪኤችኤፍ ሬዲዮ 1፣ ሞዴሉ፣ መለያ ቁጥሩ፣ ባትሪ 2» ብለህ ጻፍ፤ ቪኤችኤፍ የቅርብ ርቀት መገናኛ ሞገድ ነው። ብዙው ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፦ «ኤሌክትሮኒክስ» ብሎ ያልፋል፣ ወይም አንድ አስመዝግቦ ሁለት ይይዛል። የጉምሩክ መኮንኑ ይቆጥራል። ያልተጻፈው ዕቃ እንደተደበቀ ይቆጠራል፤ ብዙ ቦታ ቅጣቱ ለመርከቡም ይተርፋል።

ጉምሩክ ያስመዘገብከውን ዕቃ ወደብ ላይ እስካላችሁ ሊያሽገው ይችላል፤ ታሸገ ማለት ግን ተወረሰ ማለት አይደለም። ተመዝግቦ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፣ የማሸጊያው ቁጥር ይጻፋል፣ ከግዛት ባሕሩ ስትወጡ ይከፈታል። ቀጣዩ ወደብ እዚያው አገር ከሆነ ማሸጊያው እንደገና ይታያል። «ቻርጀሬን ላውጣ» ብሎ የበጠሰ ሌላ ጥፋት ጨመረ።

«ጉምሩክ የመርከቡን ሬዲዮ ነቅሎ ይወስዳል» የሚለው ደግሞ የተገላቢጦሹ ፍርሃት ነው። ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ ለወደቡ አገር የሚሰጠው ፈቃዱን ጠይቆ የማየት፣ ካልቀረበለትም መሣሪያውን የመመርመር መብት ነው። በተለምዶ የሚከለከለው መጠቀሙ ነው። ብዙ ወደብ ላይ በኤምኤፍና በኤችኤፍ፣ ማለትም ሩቅ በሚደርሱት ሞገዶች፣ ማሰራጨት አይፈቀድም፤ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ ጭነት ሲንቀሳቀስ የዋናው ማሰራጫ አንቴና ኧርዝ ይደረጋል፣ ቪኤችኤፉም ወደ 1 ዋት ይወርዳል። የአደጋ ጊዜ ሬዲዮውን ላሽግ የሚል ከመጣ ካፒቴኑ የመርከቡን የወደብ ወኪል ጠርቶ በጽሑፍ ያስይዝ፤ ያለዚያ ሬዲዮ መርከቡ መነሳት አይችልም።

«ካጠፋሁትና ባትሪውን ካወጣሁት አይቆጠርም።» ይቆጠራል። ሕንድ ውስጥ ሳተላይት ስልክ ያለ ፈቃድ መያዙ ራሱ ያሳስራል።

«ትንሽ 5 ዋት ናት፣ መጫወቻ ናት።» ርካሹ ዎኪቶኪ ቁጥሩ በቁልፍ ከተመታ ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ የትም ይገባል፤ የጭንቅ ጥሪ የሚሰማበት ቻናል 16፣ ማለትም 156.8 ሜጋኸርዝ፣ እዚያው መሃል ነው። የወደብ ሰዎች የሚፈሩት ለዚህ ነው።

«የመርከበኛ ደብተሬን ካሳየሁ ቦሌ ያሳልፉኛል።» ደብተሩ ማንነትህን ያሳያል እንጂ የማስገቢያ ፈቃድ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 761/2004 የቴሌኮም መሣሪያ ያለ ፈቃድ ማስገባት ወንጀል ነው፤ ዱባይ የገዛኸው ዎኪቶኪም ከዚህ አያመልጥም። ለመርከቡ የገዛኸው ከሆነ ደረሰኙን ለካፒቴኑ ሰጥተህ ንብረት መዝገብ ላይ አስገባውና እዚያው ተወው። እዚህ አገር ለምትሠራው ሥራ ከፈለግኸው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ይቅደም፣ ግዢው ይከተል፤ ሻንጣው ማሽን ላይ ከወጣ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ አይደለም።