«ነፋሱ በነፃ ነው!» እና ሌሎች፦ ስለ ሸራ ጀልባ ኑሮ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ደሴ ላይ ቡና ተፈልቶ ሰው ሲሰበሰብ ይህ ወሬ ይነሳል። አንዱ ስልኩን ያወጣና ቤታቸውን ሸጠው ሸራ ጀልባ ላይ የሚኖሩ ባልና ሚስት ቪዲዮ ያሳያል። ግማሹ «ወይ መታደል!» ይላል፣ ግማሹ «እብዶች!»። እኔ በመርከብ ሥራ ወጥቼ እንዲህ ያለ ጀልባ ላይም ስለኖርኩ ዝም ማለት ያቅተኛል። የሚባለውን እያነሳሁ ልመልስ።

«ባሕር መሃል ሆኖ ደግሞ የውሃ ችግር!»

አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ኩላሊታችን ያንን ለማስወጣት ከጠጣነው በላይ ውሃ ያወጣል። ስለዚህ የጠጣ ሰው ጭራሽ ይጠማዋል። የሚጠጣው ውሃ ከመሬት ተሞልቶ ነው የሚሄደው። ታንከሩ 400 ሊትር ይይዛል እንበል፤ 20 ጀሪካን ማለት ነው። ሁለት ሰዎች ሦስት ሳምንት ወደብ ካላዩ ለአንዱ በቀን 10 ሊትር እንኳ አይደርሰውም። መጠጡም፣ ወጡም፣ መታጠቢያውም ከዚያችው ነው። ሰሃን በባሕር ውሃ ይታጠብና በጥቂት ንጹህ ውሃ ይለቀለቃል። ገላም እንደዚያው። ዝናብ ከመጣ ሸራ ተወጥሮ ውሃ ይጠራቀማል። ጨው የሚለይ ማሽን የገጠሙ አሉ፤ ግን ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ሲበላሽም መሃል ባሕር ላይ ነው የሚበላሸው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው ይህን ኑሮ ቶሎ ይለምደዋል ባይ ነኝ።

«ነፋሱ ወደወሰዳቸው ነው የሚሄዱት»

አይደለም። የተወጠረ ሸራ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ይጎብጣል። ነፋሱ በሁለቱ ጎኖቹ ሲያልፍ ጀልባዋን ወደፊትም ወደ ጎንም ይስባታል። ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ከሆዷ ሥር ወደ ውሃው የሚወርድ ከባድ ሰሌዳ አለ፤ እሱ ይይዛታል። ፊት ለፊት ወደ ነፋሱ መሄድ አትችልም፤ 45 ዲግሪ ያህል ገደድ ብላ ግን ትሄዳለች። ጥቂት በቀኝ፣ ጥቂት በግራ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ የሐረጎ መንገድ እንደሚጠማዘዘው ነው። መንገዱ ይረዝማል፣ ግን ይደረሳል።

«ፈጣን ነው፣ ወጪም የለውም»

ሁለቱም ስህተት ነው። የተለመደች የቤተሰብ ጀልባ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። ደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በዚህ ሂሳብ 40 ሰዓት ይፈጃል። ከአፍሪካ ምዕራብ ዳርቻ ካሉት ካናሪ ደሴቶች አትላንቲክን ተሻግሮ እስከ ካሪቢያን ደሴቶች 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ወጪውን በተመለከተ፣ በነፃ የሆነው ነፋሱ ነው። ሸራውን ፀሐይ ትበላዋለች፣ ብረቱን ጨው። ሞተሩም ናፍታ ይፈልጋል።

«ሲመሽ መልህቅ ጥለው ይተኛሉ»

ይህቺን ሁሉም ያምናታል። ዳርቻ ላይ ከሆኑ ልክ ነው። ግን መልህቅ የሚይዘው በክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ሰንሰለቱ ወደ ጎን ሲጎትተው ነው መሬቱን ነክሶ የሚቀረው። ለዚህ ከውሃው ጥልቀት 5 እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሰንሰለት ይለቀቃል። የኛው ሎጎ ሐይቅ መሃሉ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። እዚያ ለመቆም ከ400 ሜትር በላይ ሰንሰለት ሊያስፈልግ ነው። ይህን የምትሸከም የቤተሰብ ጀልባ የለችም። ውቅያኖስ ደግሞ በአማካይ ከ3,600 ሜትር በላይ ይጠልቃል።

ስለዚህ ሌሊቱንም ይሄዳሉ። አንዱ ከምሽቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ይነቃል፣ ሌላው ከ6 እስከ 9። መሪውን አብዛኛውን ጊዜ አውቶፓይለት የሚባል ራሱ የሚነዳ መሣሪያ ይይዘዋል፤ የተረኛው ሥራ ማየት ነው። አሁን ከአድማስ ብቅ ያለ የጭነት መርከብ በ20 ደቂቃ ውስጥ አጠገብህ ሊደርስ ይችላል። ቪዲዮው ላይ የማታየው እንቅልፍ ያጣውን ፊት ነው።

«የሚያጥወለውለው ያልለመደውን ብቻ ነው»

የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን ዕድሜውን ሙሉ ባሕር ላይ ኖሮ እንኳ ያጥወለውለው ነበር። ጆሮ «እየተንቀሳቀስን ነው» ሲል፣ ጓዳ (የጀልባዋ ክፍል) ውስጥ ያለ ዓይን «ቆመናል» ይላል። በዚህ ነው ሆድ የሚገለበጠው። ወጥቶ አድማሱን ማየት ይረዳል። ብዙ ሰው በሁለት ሦስት ቀን ይሻለዋል።

«ዓሣ ብቻ ነው የሚበሉት፤ ቡናም የለም»

ዓሣ ሁልጊዜ አይያዝም። የሚያኖረው ደረቅ ስንቅ ነው። በሶ፣ ቋንጣና ድርቆሽ እኮ ለዚህ ኑሮ የተፈጠሩ ይመስላሉ! ምድጃው በሁለት ጎኑ ብቻ የተንጠለጠለ ነው፤ ጀልባዋ ስታጋድል እሱ ቀጥ እንዳለ ይቀራል። ድስቱን ደግሞ ብረት ያቅፈዋል። ስለዚህ ቡና ይፈላል፣ ጀበናውን አጥብቆ የሚይዝ ሰው ካለ። ከሰልና ዕጣን ግን አይታሰብም። ቡታጋዝም ያስፈራል። ከአየር ስለሚከብድ፣ ካፈተለከ ወለሉ ሥር ተጠራቅሞ ይቀመጥና አንዲት ብልጭታ ይጠብቃል። ሲሊንደሩ ውጭ የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

«የሚያስፈራው ማዕበልና ሻርክ ነው»

ማዕበልን በወቅት ይሸሹታል። የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ ወራት ከግንቦት መጨረሻ እስከ ኅዳር ስለሆነ ወደ ካሪቢያን የሚሻገሩት ከዚያ በኋላ ነው። ሻርኩን ተዉት። የሚያስፈራው ከጀልባዋ መውደቅ ነው። በሌሊት የወደቀ ሰው ጭንቅላት በማዕበል መሃል ወዲያው ይጠፋል፤ ጀልባዋን አዙሮ እስኪመለሱ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ሌሊት ከጓዳ የሚወጣ ሁሉ በቀበቶ ከጀልባዋ ጋር ይታሰራል። ጠርዝ ላይ ቆሞ ሽንት መሽናትም ብዙ ጀልባ ላይ ክልክል ነው። ወንዱም ውስጥ ገብቶ፣ ቁጭ ብሎ ነው።