ማህፀን ማከራየት፦ በሰፈራችን የሚባለውና እውነታው

በአዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ በተለይ ዓረብ አገር ደርሰው የተመለሱ እህቶች ቡና በሚጠጡበት ቤት፣ «ዘጠኝ ወር ተሸክመሽ ብትወልጂላቸው የቤት መግዣ ይሰጡሻል» የሚል ወሬ ይነሳል። ማህፀን ማከራየት የሚሉት ይህንኑ ነው፦ ለሌላ ሰው አርግዞ ወልዶ ልጁን ማስረከብ። አንዷ «ኃጢአት ነው» ትላለች። ሌላዋ «የሰው ልጅ ከማሳደግና የሰው ልብስ ከማጠብ በምን ይለያል?» ብላ ትመልሳለች። ከዚያ መንግሥት ይከልክለው፣ ይፍቀደው፣ ይቆጣጠረው ወደሚለው ይኬዳል። ክርክሩ መጥፎ አይደለም፤ ችግሩ ግማሹ የቆመው ባልሆነ ነገር ላይ መሆኑ ነው።

«የራሷን ልጅ ነው የሸጠችው»

ብዙውን ጊዜ አይደለም። ቀድሞ የተለመደው የሴትየዋን የራሷን እንቁላል መጠቀም ነበር፤ በዚያ መንገድ የሚወለደው ልጅ በእርግጥም የሥጋዋ ክፋይ ነው። አሁን በብዛት የሚሠራበት ግን ሌላ ነው። እንቁላሉም የወንዱ ዘርም ከሌሎች ሰዎች ተወስዶ ጽንሱ በቤተ ሙከራ ይፈጠርና ማህፀኗ ውስጥ ይቀመጣል። በዘር ረገድ ልጁ ከእሷ ጋር አይገናኝም። በሕግ ረገድ ግን ይገናኛል፤ ወደዚያ እንመጣለን።

«ጤነኛ ሴት ከሆነች እንደማንኛውም እርግዝና ነው»

ይሄንን ደላላ ነው የሚለው። በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ሰፊ ጥናት፣ ለሌላ ሰው ካረገዙት ሴቶች 7.8 በመቶዎቹ ከባድ የጤና ቀውስ እንደገጠማቸው አሳይቷል። በተፈጥሮ መንገድ ካረገዙት ዘንድ 2.3 በመቶ ነበር። ከሚፈሩት ነገሮች መካከል ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰስና ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት ይገኙበታል። ይህ የሆነው ሕክምና በነፃ በሚሰጥበት አገር ነው። እዚህ ከከተማው ዳር ሆና ሌሊት ምጥ የመጣባት ሴት አምቡላንስ እንዴት እንደምትጠብቅ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል።

«ውል ከተፈረመ አለቀ»

ትልቁ ስህተት ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሕግ በማህፀን ኪራይ መነገድን ከለከለ። በነፃ የሚደረገውን አልከለከለም፤ ሆኖም በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚደረገው ስምምነት በፍርድ ቤት አይፈጸምም። የወለደችው ሴት እናት ናት፤ አስረጋዦቹ፣ ማለትም ልጁ እንዲረገዝላቸው የጠየቁት ሰዎች፣ ወላጅነት የሚያገኙት ልጁ ከተወለደ በኋላ ፍርድ ቤት ሲፈቅድላቸው ነው። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1988፣ «ቤቢ ኤም» በተባለችው ሕፃን ጉዳይ፣ በገንዘብ የተደረገውን ውል ዋጋ አሳጥቶታል። ልጅቷን ለማሳደግ አባቷ ቢመረጥም፣ ለእሱ ያረገዘችው ሴት የሕግ እናትነቷ ተረጋግጦላታል። ካሊፎርኒያ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ እዚያ ውሉ ይጸናል። «አሜሪካ ይፈቀዳል» የሚል ሰው የትኛው ግዛት እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባል።

እኛ ዘንድስ? በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ እናትነት የሚታወቀው ሴትየዋ ልጁን በመውለዷ ብቻ ነው። እንቁላሉ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ባለትዳር ከሆነች ደግሞ በጋብቻ ውስጥ ለተወለደው ልጅ አባት ነው ተብሎ የሚገመተው ባሏ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ለሕግ ወይም ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ የሆነ ውል ፈራሽ ነው ይላል። እዚህ ዳር ላይ ያለን ሰዎች የምንዳኝበት ሕግ እንኳ አንድ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ነዋሪ በፌዴራሉ ሲተዳደር፣ ሰበታና ቡራዩ ያለው የኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው።

ነገሩ አፍጥጦ የሚወጣው ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሲደረስ ነው። ሆስፒታሉ የሚሰጠው የልደት ማሳወቂያ ላይ የሚጻፈው ምጥ ላይ የነበረችው ሴት ስም ነው። ያንን ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው በደላላ ፊት የተፈረመ ውል ቢያሳይ፣ መዝጋቢው የእናትን ስም አይቀይርለትም።

«በነፃ ከሆነ ብዝበዛ የለም»

ብዙ አገሮች የመረጡት ይህን መስመር ነው። ህንድ ለዓመታት የዓለም ገበያ ሆና ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ለውጭ ዜጎች ዘጋች፤ በ2021 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ከሕክምና ወጪና ከኢንሹራንስ በስተቀር ማንኛውንም ክፍያ ከለከለች። ጥሩ። ግን ሐኪሙ ይከፈለዋል፣ ጠበቃው ይከፈለዋል፣ ክሊኒኩ ይከፈለዋል፤ በነፃ የምትሠራው የተሸከመችው ብቻ ናት። ከዚህም ሌላ እኛ ቤት «በነፃ» ማለት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ታላቅ ወንድም ልጅ ካጣ፣ አማትም አክስትም «ታናሽህ ናት፣ ሁለት ወልዳለች፣ ምን ይጎድልባታል» ካሉ፣ ያቺ ልጅ እምቢ የምትልበት አፍ አላት? ይሉኝታ ከገንዘብ በላይ ያስገድዳል። «ሣራም አጋርን ሰጥታለች» ብለው መጽሐፍ የሚጠቅሱ ሽማግሌዎች አሉ። አጋር ባሪያ ነበረች፤ ማንም አልጠየቃትም።

«መከልከል ነው፤ በቃ»

የተከለከለው ሁሉ አልቆመም፤ ተሰደደ። ህንድ ደንቧን ስታጠብቅ ገበያው ወደ ታይላንድና ወደ ኔፓል ሄደ። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2015 ከለከለች፤ ኔፓልም በዚያው ዓመት። ካምቦዲያ ተተካች፣ በ2016 ከለከለች። በ2018 በዋና ከተማዋ ፕኖምፔን ውስጥ ለውጭ ሰዎች ያረገዙ ከ30 በላይ ሴቶች ታሰሩ፤ የተከሰሱትም በሰው መነገድ ነው። በኋላ የተለቀቁት ልጆቹን እንደ ራሳቸው ሊያሳድጉ ተስማምተው ነው። ድህነት የገፋት ሴት የሌላ ሰው ልጅ ይዛ፣ የክስ ፋይል ተከፍቶባት ቀረች። ደላሎቹን ግን ድንበር አላቆማቸውም።

እንዲህም ሆኖ ክልከላን የሚደግፉት ሞኞች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2023 በሞሮኮ ካዛብላንካ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች በዓለም ዙሪያ ጨርሶ እንዲቀር ጠይቀዋል። ጣልያን በ2024 ዜጎቿ ውጭ አገር ሄደው ቢያደርጉት እንኳ ወንጀል ይሆናል ብላለች። የእኔ ጥርጣሬ ቅጣቱ ማን ላይ ያርፋል የሚለው ነው።

«ደንብ ማውጣት ንግዱን ማጽደቅ ነው»

ደቡብ አፍሪካን እንይ። ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የሕፃናት ሕግ ክፍል መሠረት፣ ስምምነቱን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሳያጸድቀው ሴትየዋ ላይ ምንም ሕክምና አይጀመርም። ከዚህ በፊት ወልዳ በሕይወት ያለ ልጅ ያላት መሆን አለባት። ከወጪና በእርግዝናው ምክንያት ካጣችው ገቢ በስተቀር ክፍያ የለም። ዳኛው ሴትየዋን የሚጠይቃት ባዶ ማህፀን ይዛ፣ «አልፈልግም» ማለት በምትችልበት ሰዓት ነው። ይህ ንግዱን ማጽደቅ ከሆነ፣ ንግዱ ያላተረፈበት ማጽደቅ ነው።

ልጅ ከተረገዘ በኋላ የሚመጣ ሕግ ምን እንደሚያደርግ ከጉዲፈቻ ታሪካችን አይተናል። ልጆች ለዓመታት በገፍ ወደ ውጭ ሲወሰዱ ቆዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን እስከ 50 ያይ የነበረውን ጉዳይ ወደ 5 አወረደ፤ በ2010 ዓ.ም ደግሞ ምክር ቤቱ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ጨርሶ አገደ። በመሀል የሄዱት ልጆች ሄደዋል።

«ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ነው»

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳለው ከስድስት አዋቂዎች አንዱ በሕይወቱ የመውለድ ችግር ይገጥመዋል፤ ሀብታም አገርም ደሃ አገርም ልዩነቱ ትንሽ ነው። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከልም በ2011 ዓ.ም የተከፈተው ፈላጊ ስለነበረ ነው።

«ልጁን አስረጋዦቹ ይዘውት ይሄዳሉ»

እ.ኤ.አ. በ2008 ህንድ ውስጥ የተወለደችው «ቤቢ ማንጂ» ጃፓናውያኑ አስረጋዦቿ ከመወለዷ በፊት ስለተፋቱ ለወራት አገር አልባ ሆና ቆይታለች። በ2020 ወረርሽኙ ድንበር ሲያዘጋ በዩክሬን ዋና ከተማ ኪየቭ ውስጥ በአንድ ሆቴል በርካታ ሕፃናት ተደርድረው ወላጆቻቸውን ይጠብቁ ነበር። ኢትዮጵያዊት ብትወልድ ደግሞ እንዲህ ነው፦ በቤተሰብ ሕጉ እናቱ እሷ ናት፤ ከኢትዮጵያዊት የተወለደ ልጅ በዜግነት አዋጁ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ለውጭ ዜጋ በጉዲፈቻ ሊሰጥ አይችልም። ደላላው ስልኩን ካጠፋ ልጁን የማሳደግ ግዴታ ያለባት እሷ ናት፤ ቀለብ ልጠይቅ ብትል እንኳ አባት ተብሎ የሚገመተው የገዛ ባሏ ነው።