ግራብ ጠፋ ማለት ሊኑክስ ጠፋ ማለት አይደለም

ግራብ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የትኛው ሲስተም ይግባ ብሎ የሚያስመርጠው የሊኑክስ ማስነሻ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስና ሊኑክስን ጎን ለጎን የጫነ ሰው ኮምፒውተሩ አልነሳም ሲለው ፋይሉ ብዙ ጊዜ እዚያው በሰላም አለ። የሚያጠፋው በድንጋጤ የሚደረግ ፎርማት ነው። ለዚህ ድንጋጤ የሚዳርጉት ደግሞ የሚከተሉት አመለካከቶች ናቸው።

«ዊንዶውስ አፕዴት ሲያደርግ ሊኑክሴን አጠፋው፤ እንደ አዲስ መጫን አለብኝ።» ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በዩኢኤፍአይ (ኮምፒውተሩን በሚያስነሳው አዲሱ የማዘርቦርድ ሶፍትዌር) የሚሠራ ኮምፒውተር የሁለቱንም ሲስተሞች ማስነሻ ፋይሎች ኢኤፍአይ በምትባል አንዲት ትንሽ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ላይ በየፎልደራቸው ያስቀምጣል። ማን ይቅደም የሚለው ግን ማዘርቦርዱ ላይ ይመዘገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚለወጠውም ይኸው ተራ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቡት ሜኑውን (ከየት ይነሳ የሚለውን ዝርዝር) ክፈቱ፤ ቁልፉ እንደ አምራቹ ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። «ኡቡንቱ» ወይም የጫናችሁት ሊኑክስ ስም እዚያ ከታየ ምረጡትና ግቡ፤ በኋላ ከሴቲንጉ አንደኛ አድርጉት። ስሙ ባይኖር እንኳ በላይቭ ፍላሽ (ሊኑክስ ሳይጫን በሚሠራበት ፍላሽ) ተነስቶ ግራብን ብቻ መልሶ መጫን ይበቃል። አንድም ፓርቲሽን ፎርማት አይደረግም።

«ግራብ ላይ ዊንዶውስ ካልታየ ተሰርዟል።» እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ግራብ 2.06 ወዲህ ሌሎች ሲስተሞችን የሚፈልገው ኦኤስ-ፕሮበር ካልፈቀዱለት አይሠራም። በግራብ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ፈቅዶ ሜኑውን ማደስ ነው።

«ሲ ድራይቭን ከየትኛውም ሲስተም ሆኖ ማሳነስ ያው ነው።» ለሊኑክስ ቦታ ለማግኘት ሲ ድራይቭን ማሳነስ ያስፈልጋል፤ ግን ያው አይደለም! ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ባለው ፋስት ስታርታፕ ምክንያት ሻት ዳውን ያደረጋችሁት ዊንዶውስ በከፊል ሃይበርኔት አድርጎ (ያለበትን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ) ነው የሚቆየው። በዚህ ሁኔታ ከሊኑክስ ሆኖ ፓርቲሽኑን መነካካት ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ፋስት ስታርታፑን አጥፉ፣ ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ካለ የሪከቨሪ ቁልፉን ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ባክአፕ ያዙ፣ ከዚያ በዊንዶውሱ ዲስክ ማኔጅመንት አሳንሱ። የተገኘውን ቦታ ፎርማት ሳታደርጉ ለሊኑክሱ ባዶውን ተዉት።

«ሴኪዩር ቡት ካልጠፋ ሊኑክስ አይነሳም።» ሴኪዩር ቡት ያልተፈረመ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን እንዳያስነሳ የሚከለክል ጥበቃ ነው። ኡቡንቱና ፌዶራ፣ ዴቢያንም ከ10ኛው ዕትሙ ወዲህ፣ በማይክሮሶፍት የተፈረመ ሺም (ግራብን የሚያስነሳ ትንሽ ፕሮግራም) ይዘው ይመጣሉ። የሚያስቸግረው እንደ ኒቪዲያ ያለ ለብቻው የሚጫን ድራይቨር ነው፤ እሱም የተፈረመበት ዲጂታል ቁልፍ ሲመዘገብለት ይሠራል።

«ከአራት ፓርቲሽን በላይ አይቻልም።» ይህ የቆየው የዲስክ አከፋፈል፣ የኤምቢአር፣ የዋና ፓርቲሽኖች ገደብ ነው፤ አዲሱ አከፋፈል ጂፒቲ በተለመደው አሠራሩ 128 ይይዛል። የስዋፕ (ራም ሲሞላ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ፓርቲሽንም ግዴታ አይደለም፤ ሃይበርኔት ለማያደርግ ሰው ስዋፕ ፋይል ይበቃዋል።

«ፍላሹ በሌጋሲ ቢነሳ በዩኢኤፍአይ ልዩነት የለውም።» አለው እንጂ፤ ሌጋሲ ከዩኢኤፍአይ በፊት የነበረው የቆየ አነሳስ ነው። ዊንዶውሱ በዩኢኤፍአይ፣ ሊኑክሱ በሌጋሲ ከተጫኑ ግራብ ዊንዶውስን ማስነሳት አይችልም። መጫን ከመጀመራችሁ በፊት በላይቭ ሲስተሙ «ሲስ» ውስጥ ያለውን «ፈርምዌር» ፎልደር ክፈቱ። «ኢኤፍአይ» የሚል ፎልደር ካጣችሁ አቋርጡና ሪስታርት አድርጉ፤ ቡት ሜኑው ላይ ፍላሹ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ከሆነ ዩኢኤፍአይ የሚለውን ምረጡ።